የጓሮ ዶሮ፦ የቤተሰብ በረከት፣ የጎረቤት አደራ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ ፍቅሩን ለመግለጽ የመረጠው ምሳሌ አንበሳ ወይም ንስር አልነበረም። ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር የምትሰበስብ ዶሮን መረጠ (ማቴ. 23፥37፤ ሉቃ. 13፥34)። የጭልፊት ጥላ በጓሮ ላይ ሲያልፍ እናት ዶሮ ምን እንደምታደርግ ያየ ሁሉ ይህን ምሳሌ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ከምሳሌው ትምህርት ለመቅሰም ከሁሉ አስቀድሞ ዶሮዋን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዶሮዋን ለማወቅ ደግሞ እንክብካቤዋን መማር ይገባል።

በቁምስናዎቻችን ቤት ለቤት ስንዘዋወር፣ በነቀምቴ ከበከኒሳ ቀሴ ጓሮዎች ጀምሮ እስከ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ፣ ዶሮ የሌለበት ግቢ እምብዛም አናገኝም። ላምና በሬ የሌለው ቤተሰብ እንኳ ሁለት ሦስት ዶሮ አያጣም። ከእንቁላል የሚገኘው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በእናት እጅ የሚገባ ነው፤ ለልጅ ደብተር፣ ለጨውና ለሳሙና፣ ለሕክምና ካርድ የሚውለውም እርሱ ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በደረሰው ሁከት ከቀዬአቸው ተፈናቅለው ለተመለሱ ብዙ ቤተሰቦችም በሬ መግዛት ሩቅ ሕልም ነው፤ አንዲት ቄብ ዶሮ ግን የአዲስ ኑሮ መጀመሪያ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የዶሮ ነገር የቤተሰብ ኑሮ ነገር ነው። ከዚህ በታች እንደምናየውም የሕሊና ነገር ነው።

1. የአገራችን ዶሮና ዘሯ

ዶሮ በአገራችን እንግዳ አይደለችም። በትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ ስፍራ በተደረገ ቁፋሮ ዕድሜያቸው ከ2500 ዓመት የሚበልጥ የዶሮ አጥንቶች ተገኝተዋል። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ የአገር ቤት ዶሮ ጭራ መብላትን፣ ከጠላት ማምለጥን፣ ራሷ ታቅፋ ማሳደግን ተምራለች።

የአገር ቤት ዶሮ ያለ ልዩ እንክብካቤ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል በ3 ወይም በ4 ዙር ትጥላለች። ይህ ከውጭ ዝርያዎች ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአገራችንን ዶሮ ሰነፍ ማለት ፍትሕ አይሆንም። በየዙሩ 3 ሳምንት ትታቀፋለች፤ ከዚያም ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ጫጩቶቿን ስትመራ ትቆያለች። እንቁላል ጣይ፣ ፈልፋይና ሞግዚት አንድ ላይ ናት።

የውጭ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የግብርና ኮሌጆች አማካይነት ወደ አገራችን መግባት ጀመሩ። እንደ ነጭ ሌግሆርን ያሉት ብዙ እንቁላል ይጥላሉ፤ ነገር ግን የመታቀፍ ጠባያቸውን አጥተዋል። ስለዚህ እነርሱን የሚያረባ ሰው ጫጩት በገዛ ቤቱ ማግኘት አይችልም፤ በየጊዜው ከማስፈልፈያ መግዛት አለበት። ደግሞም የተመጣጠነ መኖና ክትባት ካልተሟላላቸው ፈጥነው ይሞታሉ። ከመግዛታችን በፊት አቅማችንን እንመርምር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

በሌላ በኩል ወለጋ ለአገሪቱ ያበረከተችው ዘር አለ፤ እርሱም የሆሮ ዶሮ ነው። በሻምቡ ዙሪያ ካለው የሆሮ አካባቢ የተሰበሰቡ ዶሮዎች በቢሾፍቱ በሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ትውልድ በትውልድ እየተመረጡ እንዲሻሻሉ ተደርጓል። የዚህ ሥራ ምስጢር ለማንኛውም ቤተሰብ የተከፈተ ነው፦ ከሁሉ የተሻለችውን ዶሮ ለዘር ማስቀረት፣ ደካማዋን ለገበያ ማውጣት። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ትልቁና ያማረው አውራ ዶሮ ለበዓል ይሸጣል ወይም ይታረዳል፤ ኮስማናው ይቀርና የመንጋው አባት ይሆናል። ይህን ልማድ መለወጥ ብቻውን ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው። ለ8 ወይም ለ10 ዶሮዎች አንድ አውራ ዶሮ ይበቃል፤ ነገር ግን ምርጡ ይሁን፤ ከሴቶቹ ጋር ከአንድ እናት የተወለደም አይሁን።

2. ማስታቀፍና መፈልፈል

ለመታቀፍ የተዘጋጀች ዶሮ ከጎጆዋ አትነሣም፤ ሰው ሲቀርባት ላባዋን ታቆማለች፤ ድምፅዋም ይለወጣል። በዚህ ጊዜ የሚከተለውን እናድርግ።

ሀ. እንቁላሉን መምረጥ። ከተጣለ 7 ቀን ያላለፈው፣ መጠኑ መካከለኛ፣ ቅርፊቱ ለስላሳና ያልተሰነጠቀ ይመረጣል። ቅርፊቱን የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ስላለ በውሃ አይታጠብ። እስኪታቀፍ ድረስ ከምድጃ ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። ከሱቅ የሚገዛ የርባታ ድርጅት እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ከሌለበት መንጋ ስለሚመጣ አይፈለፈልም።

ለ. ቁጥሩን መወሰን። ለአንዲት የአገር ቤት ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል በቂ ነው። ከሰውነቷ በታች ሙሉ በሙሉ ያልተሸፈነ እንቁላል ይቀዘቅዛል፤ እርሷ እያገላበጠች ቦታ ስታለዋውጥም የቀዘቀዘው ወደ መካከል፣ የሞቀው ወደ ዳር ይሄዳል፤ በመጨረሻ ብዙዎቹ ይበላሻሉ። ስለዚህ 16 እንቁላል ያስታቀፈ ሰው 12 ካስታቀፈው ያነሰ ጫጩት ሊያገኝ ይችላል።

ሐ. ጎጆውን ማዘጋጀት። ሰፊ የሸክላ ዕቃ ወይም ቅርጫት ከሥሩ ጥቂት አመድ፣ በላዩ ንጹሕ ጭድ ይደረግበት። አመዱ ቅንቅን ይከላከላል። ቦታው ጸጥ ያለና ጨለም ያለ፣ ከአይጥ፣ ከድመትና ከሽለምጥማጥ የተጠበቀ ይሁን። ዶሮዋን ማታ ማስቀመጥ ጎጆዋን እንድትለምድ ይረዳል። ሁሉም እንቁላሎች በአንድ ቀን ይታቀፉ፤ በኋላ ሌላ ዶሮ ገብታ ብትጥልበት እንዲለይ በከሰል ምልክት ይደረግባቸው። አንዳንዶች ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳይገድለው በማለት ብረት በጎጆው ያኖራሉ። እንቁላልን የሚያድነው ብረት አይደለም፤ የእናቲቱ ያልተቋረጠ ሙቀትና ጸጥታ ነው።

መ. መከታተል። እህልና ውሃ በቅርቧ ይቀመጥላት፤ በቀን አንድ ጊዜ ተነሥታ ትመገብ። በ7ኛው ቀን ማታ በጨለማ ክፍል እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ፊት እንያዘው። ሕይወት ያለበት እንቁላል እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ጥርት ብሎ የቀረው ጽንስ የሌለበት ነውና ይውጣ። በ14ኛው ቀን እንደገና ይታይ፤ የተበላሸ እንቁላል ከፈነዳ ሌሎቹን ይበክላልና። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን ማንም እጁን አያስገባ። በ21ኛው ቀን ገደማ ጫጩቶቹ ቅርፊቱን ሰብረው ይወጣሉ። የዘገየውን ለመርዳት ብለን ቅርፊት አንላጥ፤ የደም ሥሩ ሳይደርቅ ከተነካ ጫጩቷ ደምታ ትሞታለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ትዕግሥት አይተው ነው።

ወቅቱም ይታሰብበት። በወለጋ ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ ነው፤ በእርጥበትና በብርድ የተፈለፈሉ ጫጩቶች በብዛት ያልቃሉ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ መፈልፈል ይሻላል። በጥቅምት የተፈለፈሉ ወንዶች ጫጩቶች ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ።

3. ጫጩቶችን ማሳደግ

ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያለ ጥበቃ ከተለቀቁ ጫጩቶች ብዙ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በጭልፊት፣ በብርድ፣ በረኃብና በበሽታ ይጠፋሉ። ለምሳሌ ያህል ሁለት ዶሮዎች 24 እንቁላል ታቅፈው 18 ጫጩት ቢፈለፍሉና ግማሹ ቢያልቅ 9 ይቀራሉ። በጥበቃ 15 ቢያድጉ ግን፣ ሌላ ዶሮ ሳንገዛ፣ ሌላ እንቁላል ሳንጨምር፣ መንጋችን በሁለት ሦስተኛ ብልጫ አደገ ማለት ነው።

ጫጩት ስትፈለፈል በሆዷ የቀረው አስኳል እስከ 2 ቀን ድረስ ይመግባታል። መጀመሪያ የሚሰጣት ንጹሕ ውሃ ነው፤ እንዳትሰጥም ዕቃው ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጠጠርም ይጨመርበት። ከዚያ በደንብ የተፈጨ በቆሎ፣ ተቀቅሎ የደቀቀ እንቁላል፣ የተከተፈ ጎመን ይሰጣት። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር በትልቅ ቅርጫት ወይም በሽቦ በተከበበ ትንሽ ግቢ ማቆየት ከጭልፊት ያድናል።

ጫጩቶቹን ከእናታቸው ለይቶ ማሳደግ ለሚፈልግ ደግሞ የሣር ሳጥን አለ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና መምህራን ተጠንቶ የቀረበው ይህ ዘዴ ኤሌክትሪክም ከሰልም አይፈልግም። ግድግዳው በደረቅ ሣር የታጨቀ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ጫጩቶቹ ሌሊት በውስጡ ተጠጋግተው የገዛ ሰውነታቸው ሙቀት እንዳይባክን ያደርጋል፤ ቀን ከፊቱ ባለው በወንፊት ሽቦ በተከለለ ቦታ ይመገባሉ። እናቲቱም ከሞግዚትነት ስለምታርፍ ፈጥና ወደ እንቁላል መጣል ትመለሳለች። ጫጩቶች ሙቀት እንደጎደላቸው የምናውቀው ተቆላልፈው ሲጮኹ ነው፤ ሙቀት ሲበዛባቸው ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ይበታተናሉ።

4. ቤትና መኖ

ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ማደሯ ለሁለቱም ጤና አይበጅም። በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 7 የሚደርሱ ዶሮዎች የሚያድሩበት፣ አየር የሚገባበት፣ ዝናብ የማይገባበት ቤት ይበቃል። ለእያንዳንዷ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቦታ የሚሰጥ ቆጥ ይሠራ፤ ለ4 ወይም ለ5 ጣዮች አንድ ጎጆ ይዘጋጅ። በአንድ ጥግ አመድና ደቃቅ አፈር ቢቀመጥ ዶሮዎቹ ተንከባለው ቅንቅንን ያራግፋሉ።

በአካባቢያችን፣ በተለይም በመንዲና በነጆ በኩል፣ የእንጨት ቋሚ ሁሉ ጠላት ምስጥ ነው። ስለዚህ ቋሚው በድንጋይ ላይ ይቁም ወይም ከአፈር የሚገናኘው ክፍል በተቃጠለ ዘይት ይቀባ። ነገር ግን ያው ምስጥ ለዶሮ ምርጥ ምግብ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ያሉ ገበሬዎች በእርጥብ ገለባና በደረቅ እበት የተሞላ እንስራ በምስጥ መንገድ ላይ ደፍተው ያሳድራሉ፤ በነጋታው የተሰበሰበውን ምስጥ ለጫጩቶች ይበትናሉ። ቤታችንን የሚያፈርሰው ምስጥ በዚህ መንገድ ጫጩቶቻችንን ሊያሳድግ ይችላል።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ይሁን እንጂ ጥሬ ብቻ አይበቃትም። በቆሎ ኃይል ይሰጣል፤ ሰውነትንና እንቁላልን የሚገነባው ግን የኑግ ፋጉሎ፣ ትልና ምስጥ፣ የጥራጥሬ እንክትካች ነው። ለቅርፊት ጥንካሬ የእንቁላል ቅርፊት ተቆልቶና ደቅቆ ይሰጥ፤ ሳይደቅ ከተሰጠ ግን እንቁላል መብላትን ያስለምዳል። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ ውሃ ያጣች ዶሮ እንቁላሏን ታቆማለች።

5. ፈንግል

እስከዚህ የተናገርነውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ከንቱ የሚያደርግ ጠላት አለ፤ ፈንግል ነው። በሽታው በዓለም ላይ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በተባለች ከተማ ነው፤ ሳይንሳዊ መጠሪያውም ከዚህችው ከተማ የተወሰደ ነው። በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

የታመመች ዶሮ ክንፏን ትጥላለች፣ ለመተንፈስ ትቸገራለች፣ አረንጓዴ ቅዘን ትቀዝናለች፤ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ ትሽከረከራለች፣ ትሞታለች። በሽታው የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ ከገበያ የሚገዛ የሰው መድኃኒት ወይም ቴትራሳይክሊን አያድናትም። ፈውስ የለውም፤ መከላከያ ግን አለው።

እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ከክትባቶቹ አንዱ አይ-2 የሚባለው ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ ስለሚችል ለገጠር የተስማማ ነው፤ አሰጣጡም ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዷ ዶሮ፣ ትንሽ ትልቅ ሳይባል፣ በአንድ ዓይኗ አንድ ጠብታ። በየ4 ወሩ ይደገማል። ለእኛ አካባቢ የካቲት፣ ሰኔና ጥቅምት አመቺ ናቸው፤ የካቲቱ ከበልግ ዝናብና ከፋሲካ ገበያ በፊት ይደርሳል፤ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚነሣው በዝናብ መግቢያና ዶሮ ከገበያ ገበያ በሚዘዋወርበት ወራት ነውና። ክትባቱ ኃይል ለማግኘት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ቀድሞ በሽታው የገባባትን ዶሮ አያድንም። በውሃ የሚሰጥ ክትባት ሲሆን በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ፤ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋልና።

አዲስ የተገዛች ዶሮ ከመንጋው ሳትቀላቀል 14 ቀን ለብቻዋ ትቆይ። የሞተች ዶሮ በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር እንጂ በወንዝ ወይም በመንገድ አትጣል።

6. የሕሊና ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ፈንግል ወደ መንደር ሲገባ በብዙ ቤት የሚሰማው የመጀመሪያ ሐሳብ “ሳትሞት እንሽጣት” የሚል ነው። ሐሳቡ ከድህነት የሚወጣ መሆኑን እናውቃለን፤ ያላትን አምስት ዶሮ በሦስት ቀን ልታጣ የምትችል እናት ጭንቀቷን የማይረዳ እረኛ የለም። ነገር ግን ያች ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ሆና ወደ ነቀምቴ ገበያ ስትገባ ከሌላ መንደር ዶሮዎች ጋር ትቀላቀላለች፤ የገዛቻት ሌላ ድሃ እናት ናት። ገንዘቧን ብቻ አላጣችም፤ በሽታውንም ገዝታ ወደ መንጋዋና ወደ ጎረቤቶቿ ወሰደች። በአንዲት ዶሮ ዋጋ ሃያ ቤት ባዶ ይሆናል።

ሰባተኛው ትእዛዝ ሌሊት ግድግዳ መቦርቦርን ብቻ አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በዚሁ ትእዛዝ ሥር በንግድ የሚደረግ ማታለልን ያነሣል (ቁ. 2409)፤ በዚያው ክፍል ለእንስሳት የሚገባውን ርኅራኄ ያስተምራል (ቁ. 2415-2418)። የታመመችን ዶሮ ጤነኛ አስመስሎ መሸጥ ሁለቱንም ይሽራል። እግሯን አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ ረጅም መንገድ መሄድም እንዲሁ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው፤ በቅርጫት መያዝ ይቻላልና። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት “ላውዳቶ ሲ” በተባለው መልእክታቸው ለፍጥረት መጠንቀቅና ለድሃ መቆርቆር አንድ ጉዳይ መሆናቸውን አስተምረዋል። የዶሮ ገበያ ለዚህ ትምህርት ቅርብ ምሳሌ ነው።

ታዲያ ያች የተጨነቀች እናት ምን ታድርግ? “አትሽጪ” ብሎ ትቶ መሄድ የፈሪሳውያን ሸክም ማሸከም ነው። መልሱ በሽታው ሳይመጣ በፊት የሚሰጥ ነው፤ እርሱም በጋራ መከተብ ነው። ክትባቱ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ታሽጎ ነው፤ ብልቃጡ ከተከፈተና ከተበጠበጠ በኋላ በዕለቱ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት ቤተሰብ ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይፈስሳል። አሥራ አምስት ቤት ቢተባበር ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ከአንድ እንቁላል ዋጋ እንኳ ላይበልጥ ይችላል። ክትባቱ በራሱ ጎረቤትን እንድንፈልግ ያስገድደናል። ደግሞም የእኔ ዶሮ ተከትባ የጎረቤቴ ካልተከተበች በሽታው ከአጥር ማዶ ያደባል፤ ገና ያልተከተቡ ጫጩቶቼን ይጠብቃል።

7. ቁምስናው ምን ያድርግ?

በየንዑስ ቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ወይም የእናቶች ማኅበር የዶሮ ባለቤቶችን ይመዝግብ፤ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም ሳይል። ፈንግል የሃይማኖት ድንበር አያውቅም፤ ፍቅርም አያውቅም። ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ይቆረጥ፤ ሁለት ወጣቶች የጠብታ አሰጣጡን ይማሩ። ዶሮዎች በማለዳ ከቆጥ ሳይወርዱ ቢያዙ ሥራው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ዶሮዋ ያለቀባትን ጎረቤት ለመርዳትም እያንዳንዱ ቤት ከሚቀጥለው ፍልፍል አንዲት ቄብ ቢያዋጣ፣ ያች እናት የታመመችውን ወደ ገበያ ለማውጣት የሚገፋፋት ፍርሃት ይቀንስላታል።

ጌታችን ጫጩቶችን ከሥሯ የሰበሰበች ዶሮን ምሳሌ ሲያቀርብ ያዘነው መሰብሰብን እንቢ ስላሉ ነበር። እኛም በየካቲት አንድ ማለዳ ለአንድ ጠብታ ክትባት ከጎረቤቶቻችን ጋር ብንሰበሰብ የወንጌሉን ምሳሌ በጓሯችን ተግባራዊ አደረግነው ማለት ነው። እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክ።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ለዘር የምናስቀረው የትኛውን ዶሮ ነው? የምንሸጠውስ የትኛውን?
2. ከተፈለፈሉት ጫጩቶቻችን ባለፈው ዓመት ስንቱ አደጉ? የቀሩት በምን ጠፉ?
3. ፈንግል በመንደራችን ቢነሣ የመጀመሪያ እርምጃችን ምን ይሆናል? ለጎረቤት የምንናገረው መቼ ነው?
4. ለመጪው የካቲት ክትባት ከእኛ ቡድን ማን ምን ኃላፊነት ይወስዳል?